ለሚስተር ሄስ የተሠራ ሬሳ

ቬርና ስታውፈር በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሬሳዎች ሠርታለች፤ አንዳቸውም ግን ሚስተር ክላይድ ሄስን አስደንግጠው አያውቁም።

ሌላው ሰው ሁሉ ይደነግጥላት ነበር። የከተማው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች በየጥቅምቱ ለሃሎዊን፣ ሰው ሆን ብሎ ለሚደናገጥበት በዓል፣ አሮጌውን ጎተራ የሙታን ቤት ያደርጉታል። ከሩቅ ሁሉ መጥቶ የሚሰለፈው ሕዝብ ስድስቱን ክፍሎች እየሳቀና እየተገፋፋ ያልፋቸውና ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። ሰባተኛውና መጨረሻው ክፍል የቬርና ነው። እዚያ የሚዘልም የሚጮህም ነገር የለም። እራት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አምስት ሰዎች አሉ፤ ሳህናቸው ላይ አቧራ አለ፤ ከሞቱ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ለመገመት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ጠጋ ያለ ሰው ወደ መኪናው የሚመለሰው በሩጫ ነው።

ሚስተር ሄስ ግን ጠጋ ይልና መነጽሩን ያስተካክላል። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሙታን አጥቦ፣ አልብሶ፣ ፀጉራቸውን አበጥሮ የቀበረ ሰው ነው። የቀብር ቤቱን ለልጁ ለፖል ካስረከበ በኋላም ሙያው ከዓይኑ አልወጣም። «ጥሩ ነው፣ ቬርና» ይላል በየዓመቱ፣ የናና ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዛወረ። «ልፋትሽ ይታያል። ሬሳ ግን እንዲህ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«እንዲህ አይደለም።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አይወጣውም። ባሏ ሃርላን በሕይወት ሳለ ነገሩ የጥቅምት ቀልዳቸው ነበር። ጭንቅላቱንና እጁን የሚሠራው ሃርላን፣ ቆዳውንና ልብሱን የምትሠራው እሷ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየተካሰሱ ወደ ቤት ይገቡ ነበር። ሃርላን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱንም እጁንም የምትሠራው እሷው ናት፤ እንዳላማረባት ደግሞ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

መስከረም ሊያልቅ ሲል እሳት አጥፊዎቹ መኪኖቻቸው በሚቆሙበት አዳራሽ ለስብሰባ ተቀመጡ። አለቃቸው ራንዲ ክላይን አርባ ዓመት ያልሞላው፣ የሚነድ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚገባ፣ ሰው ፊት ለመናገር ግን ቃል የሚያንቀው ሰው ነው። ያን ቀን ካታሎግ ይዞ መጣ። ካታሎጉ ላይ በአየር ግፊት ከሬሳ ሣጥን ተስፈንጥሮ የሚነሳ፣ ዓይኑ ቀይ የሚበራ፣ እንደ አንበሳ የሚያገሳ ሬሳ አለ።

«ይሄን መጨረሻው ክፍል ብናስገባው ብዬ ነው» አለ፣ ወደ ቬርና ሳያይ። «ሚስስ ስታውፈር ደግሞ ዘንድሮ ትንሽ ቢያርፉ። ብዙ ለፍተውልናል። ትኬት በር ላይ ከሌስተር ጋር ቢቀመጡ…»

«ማን ደከመኝ አለህ?» አለች ቬርና።

«ማንም አላለም። ግን ያው… አምናና ካቻምና…»

አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም። አምናና ካቻምና ልጆች በክፍሏ መሐል ቆመው ስልካቸውን ሲነካኩ እሷም አይታለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታ ከማይስማማቸው ሰዎች አንዷ ደግሞ እዚያው ነበረች፤ የሃርላን እህት ሉኤላ። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትኬት ቆራጩ ሌስተር ባሏ ነው።

«እኔ የምለው፣» አለች ሉኤላ፣ «ለምን ክላይድ አይፈርድም? ሬሳ የሚያውቅ ሰው ከእሱ ወዲያ ከየት ይመጣል? ራንዲም ማሽኑን ያምጣ፣ ቬርናም ትሥራ። ክላይድን ያስደነገጠ ክፍሉን ይውሰድ።»

ሚስተር ሄስ ከኋላ ወንበር ላይ ከረሜላውን ቆረጠመ። «እኔን?» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ቃል ስጥ። ደንግጠህ ስታበቃ አልደነገጥኩም እንዳትል።»

«ሉኤላ፣ እኔ ዋሽቼ አላውቅም።»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዳንስ ላይ ‹ውሃ ላምጣልሽ› ብለህ የሄድክ ዛሬም አልተመለስክም።»

ሚስተር ሄስ ጆሮው ቀላ፤ ቃሉን ሰጠ። መክፈቻው በጥቅምት አጋማሽ በሚውለው ዓርብ ስለሆነ ፍርዱ በዋዜማው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲሆን ተስማሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቬርና በሉኤላ መኪና ውስጥ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። «ምን ውስጥ ነው ያስገባሽኝ?» አለች።

«ክፍልሽ ውስጥ ነዋ። ሊያስወጡሽ እኮ ነው።»

እውነት ነበር። ጋራዧ ውስጥ ከነሐሴ ጀምሮ መብራት የሚበራው ለዚያ ክፍል ነው። ክፍሉ ከተወሰደ ሰዎች በደግነት ሌላ ሌላ ነገር ይፈልጉላታል፤ የሹራብ ማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያን ኬክ፣ ትኬት በር። እንዲፈልጉላት አትሻም።

በማግሥቱ ጋራዡን ከፍታ የለመደችውን ጀመረች። የፕላስቲክ አጽም ታቆማለች፤ ቀለም ቀቢዎች ወለል ላይ የሚያነጥፉትን ስስ ላስቲክ ደራርባ ትጠቀልልበታለች፤ ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ በሚመስለው፣ ግን ቀለም ከግድግዳ በሚያስለቅቀው የትኩስ አየር መሣሪያ ትለበልበዋለች። ላስቲኩ እየተኮማተረ አጥንት ላይ ይጣበቃል፤ ጎድንና ጎድን መካከል ይተረተራል። የእንጨት ማቅለሚያ ስትቀባው ቀለሙ በየሽብሽቡ እየሰረገ መቶ ዓመት ያስቆጥረዋል። ልብሱን ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ታመጣና በአሸዋ ወረቀት ፍቃ አንድ ሳምንት ጓሮ ትቀብረዋለች። ጎረቤቶቿ ለምደውታል፤ ሸሚዝ ስትቀብር ሲያዩ ሰላም ብለዋት ያልፋሉ።

በአራተኛው ቀን አንዱን ጨርሳ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ፖም እየገመጠች አየችው። አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ፣ ጣቶቹን እንደ አሞራ ጥፍር አጉብጦ ያፈጥጥባታል።

«ምን ያለፋሃል?» አለችው።

ያኔ ገባት። ሬሳዎቿ ሁሉ ይለፋሉ። ለማስፈራራት ይጣጣራሉ፤ ቲያትር ቤት እንዳለ ጀማሪ ተዋናይ ከመጋረጃው እስከ መጋረጃው ይሯሯጣሉ። የሞተ ሰው ግን አንዳች ነገር አይሞክርም። ይህን ሚስተር ሄስ ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ ኩባያ ይዛ መኝታ ቤት ስትገባ አይታዋለች። ኩባያውን የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አታስታውስም፤ የሃርላንን እጅ ግን ታስታውሰዋለች።

ፖሙን ጨርሳ ተነሣችና ለሉኤላ ደወለች።

«ባልሽን ላኪልኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልገድለው።»

«ምሳውን ይብላና ልላክልሽ።»

ሌስተር ጥጋብ እያዛጋው ከሉኤላ ጋር መጣ። ጆሮው ትንሽ ከበድ ይላል፤ በበጋ በረንዳ ላይ፣ በጥቅምት ትኬት በር ላይ ተቀምጦ ማንቀላፋት ልማዱ ነው። ፊቱን ልትቀርጸው እንደምትፈልግ፣ ከዚያም እሱን የሚመስል ሬሳ እንደምትሠራ፣ ለማንም መናገር እንደሌለበት ቬርና ጮክ ብላ ነገረችው።

«ቆንጆ ሬሳ ይወጣኛል?» አለ ሌስተር።

«ካሁኑማ ትሻላለህ» አለች ሚስቱ።

ወንበር ላይ አጋድመው፣ ፀጉሩን በላስቲክ ቆብ ሸፍነው፣ ጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ ቅርጽ የሚወስዱበትን ሮዝ ሊጥ ከግንባሩ እስከ አገጩ ለቀለቁት፤ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ። «እስኪደርቅ እንዳትናገር፣ እንዳትስቅ» አለችው ቬርና።

ሉኤላ ሰዓቷን አየች። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ሩብ ሰዓት!» አለች ሉኤላ ወንበር ስባ። «ሃምሳ አንድ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ነው። ሌስተር፣ ትሰማኛለህ አይደል? በመጀመሪያ ስለ እናትህ።»

ስለ እናቱ ተናገረች። ሳይነግራት ስለ ገዛት የጎማ ጀልባ ተናገረች። በሰርጋቸው ማግሥት ዓሣ ሊያጠምድ ስለ መሄዱ ተናገረች። ሌስተር አንድ ጣቱን ቀና አደረገ።

«ምን ፈልጎ ነው?» አለች ቬርና ደንግጣ።

«ተይው፣ እየተከራከረ ነው።»

ከዚያ እጆቹን ቀረጹ፤ አንገቱንና ጆሮዎቹን ግን ሌስተር ሮዙ ሊጥ ይኮረኩረኛል ብሎ ስላስቸገረ ቬርና ከፎቶ አይታ በእጇ ሠራቻቸው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ለብቻዋ ነበር። ሊጡ ደርቆ በያዘው ቅርጽ ውስጥ ሲሊኮን የሚባለውን ፈሳሽ ጎማ አፈሰሰች፤ ሲወጣ ቀዝቃዛ፣ ስስ፣ በብርሃን ሲያዩት ውስጡ የሚታይ ቆዳ ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ንጽሕና ቤት ስፌት ስታስተካክል የኖረች ሴት ናት፤ ቅንድቡንና የቀረችውን ፀጉሩን አንዲት አንዲት እያለች በመርፌ ተከለችለት። ይህ ብቻ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የጎደለውን አካል በሽቦና በስፖንጅ ሞላች፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አጥብቃ ስላሰረቻቸው አንዴ ያስቀመጡት ሰውነት ከዚያ ወዲያ በኃይል ካልሆነ አይነቃነቅም።

ቀለሙ ላይ ስትደርስ ዝግ አለች። ሰው ሁሉ ሬሳ ነጭ ይመስለዋል፤ አይደለም። ግንባሩ ሰም ይመስላል፤ ከንፈሩ የሚደበዝዘው ከመሐሉ ሳይሆን ከዳሩ ነው፤ የዓይኑ ቆብ ጨርሶ አይገጥምም፣ የክር ያህል ይቀራል። ደም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጭኑ ላይ ያረፈው እጅ ከላይ ገርጥቶ፣ ከሥር፣ የጣቶቹ ሆድ ላይ፣ የበሰለ ወይን የመሰለ ጥላ ይይዛል። የሬሳ ፎቶግራፍ አላየችም። አላስፈለጋትም።

ረቡዕ ሉኤላ ልታይ መጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ አፏ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣውም። ቬርና በሕይወቷ ሉኤላን እንዲህ አይታት አታውቅም።

«ሸፍኚው» አለች ሉኤላ። ከዚያ አፍንጫዋን በመሐረብ አበሰችና ወደ ራሷ ተመለሰች። «ወይም አትሸፍኚው። እንዲህ ጸጥ ብሎ የሚሰማኝ ከሆነ ወደ ቤት የምወስደው ይሄኛውን ነው።»

ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ እሳት አጥፊዎቹ ሳይሰበሰቡ፣ ሁለቱ ሴቶች ሬሳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ በር አስገቡት። አምስቱ የድሮ ሬሳዎች እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛው ዙሪያ አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አዲሱን ከእነሱ ጋር አልቀላቀሉትም። ከግድግዳው ጥግ በምትታጠፍ የቆርቆሮ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ የእሳት አጥፊዎቹን ጃኬት አለበሱት፤ የትኬቱን ጥቅል ኪሱ ውስጥ ከተቱለት፤ የፖም ጭማቂ የያዘ የወረቀት ኩባያ እግሩ ሥር አኖሩለት። ከነፋሱ ሸሸት ብሎ ገብቶ እንቅልፍ የጣለው ሌስተር ይመስላል። እውነተኛው ሌስተር ከጎተራው ጀርባ በቆመው መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንዲጋደም፣ ሰማይ ቢደፋ እንዳይወጣ ታዘዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስተር ሄስ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። ቬርናና ሉኤላ በሰባተኛው ክፍል ጥቁር መጋረጃ ኋላ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል። በጨርቁ ቀዳዳ ክፍሉም፣ ከክፍሉ ማዶ ያለው የራንዲ ሣጥንም ይታያል። ራንዲ ማሽኑን ለጊዜው ስድስተኛው ክፍል ውስጥ ተክሎት ነበር።

«ዝግጁ ነዎት፣ ሚስተር ሄስ?»

«ልጄ፣ ቀጥል።»

ራንዲ ቁልፉን ተጫነ። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ቀይ ዓይን በራ፣ አየሩ ፉጨት ያለው ድምፅ አሰማ፣ ሬሳው እስከ ወገቡ ተነሣና እዚያው ላይ ተሰነቀረ። አላገሳም። ከሆዱ ‹ስስስስ› የሚል ብቻ ይሰማል።

«ሆዱን ነፋው መሰለኝ» አለ ሚስተር ሄስ።

«አንዴ ይታገሡኝ። ጠዋት ይሠራ ነበር።» ራንዲ ከሣጥኑ ሥር ተንበርክኮ ቱቦ መጎተት ጀመረ። ሚስተር ሄስ ከረሜላ ከኪሱ አውጥቶ ልጦ ጎረሰና ብቻውን ወደ ሰባተኛው ክፍል ተሻገረ።

ጠረጴዛውን ዞረ። አንዱን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሌላውን አልፎ ሄደ። «እንዲህ አይደለም» አለ ለራሱ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበር፣ ሌላ ነገር ጠብቆ እንደነበረ ሁሉ። ቬርና የሉኤላን ክንድ ጨመቀች።

«ሌስተር» አለ ሚስተር ሄስ ጀርባውን እንደሰጠ፣ «የት ተደበቀች ቬርና? ይሄ ነው ያዘጋጀችው?»

ሌስተር አልመለሰም።

«ሌስተር፣ ከምሽቱ በፊት ተነሥ እንጂ!»

ዞረ። ከረሜላው ጉንጩ ውስጥ ቆመ።

ቬርና ጩኸት ጠብቃ ነበር፤ ወይም ወደ ኋላ መሸሽ፤ ቢያንስ ‹ወይኔ›። ሚስተር ሄስ ግን አንዱንም አላደረገም። ኮፍያውን አወለቀ። ከረሜላውን መሐረቡ ውስጥ ተፍቶ ኪሱ ከተተው። ቀስ ብሎ ሄዶ ወንበሩ ጎን፣ ያን ሁሉ ዕድሜውን ይዞ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«ሌስተር፣ እኔ ነኝ፣ ክላይድ» አለ። ድምፁ ሹክሹክታ አልነበረም፤ ቤት ሄዶ ሰው ሲጠይቅ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። «አሁን እጅህን ልይዝህ ነው።»

እጁን ያዘ። አገላበጠው፣ የጣቶቹን ሆድ አየ፣ መለሰው። ቅዝቃዜው የጠበቀው ሳይሆን አልቀረም፤ ራሱን ነቀነቀ። «አገጭህን ልነካ ነው» አለና መንጋጋውን በሁለት ጣት ገፋ አደረገ። አልነቃነቅ አለው። «ደርቀሃል፣ ወዳጄ። ሁለት ሦስት ሰዓት ሆኖሃል ማለት ነው፤ ከምሳ በፊት ነው የሄድከው።» የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

ሉኤላ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የቬርና መገጣጠሚያ፣ እንዳይላወስ ብላ አጥብቃ ያሰረችው ሽቦ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ልምድ ያለውን ባለሙያ ሰዓት እያስቆጠረው ነው! እሷም ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር።

«ነፋስ አለ እዚህ» አለ ሚስተር ሄስ። «የጃኬትህን ቁልፍ ልዘጋልህ ነው። አይዞህ፣ አልቸኩልም።»

የቬርና ሳቅ እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ሃርላንን ከቤት ወስደው የነሚስተር ሄስ የቀብር ቤት በር ከተዘጋ በኋላ ያሉትን ሁለት ሰዓታት እንደ ጸጥታ ነበር የምታስባቸው። ጠይቃ አታውቅም። አሁን ግን አንድ ሰው ከጎኑ ሆኖ እያንዳንዷን ቁልፍ ከመዝጋቱ በፊት ይነግረው እንደነበረ አወቀች። መጋረጃውን በጣቷ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ትንሽ፣ ከሚገባው ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ፣ ሰማችው።

«ራንዲ» አለ ሚስተር ሄስ ድምፁን ሳያነሣ። «ና። ሳትሮጥ።»

ራንዲ ቱቦውን ይዞ መጣ፤ አየ፤ ቱቦው ከእጁ ወደቀ።

«ሌስተር አርፏል። እሳት አጥፊዎቹን ከበሩ አርቃቸው። ሉኤላን ፈልጋት፣ ግን አንተ አትንገራት፤ እኔ እነግራታለሁ። ቬርናን ደግሞ ምን ቢሆን እዚህ ክፍል እንዳታስገባት። በቂዋን አይታለች።»

ራንዲ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ወጣ። ሚስተር ሄስ ስልኩን አውጥቶ ልጁን ጠራ። «ፖል፣ መኪናዋን ይዘህ ጎተራው ድረስ ና። ሌስተር ነው።»

«ውጪ» አለች ቬርና ለሉኤላ፤ «በቃ።»

«ገና ነው!»

«በቃ አልኩሽ።» መጋረጃውን ገለጠች።

ሚስተር ሄስ ሲያያት ሁለት እጁን ዘርግቶ ወንበሩን በሰውነቱ ጋረደባት። «ቬርና፣ ወደዚህ አትምጪ። እባክሽ። ውጪ ጠብቂኝ።»

«ሚስተር ሄስ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ምኑን?»

«ሌስተርን።»

መጀመሪያ በሐዘን አእምሮዋን የሳተች መስሎት ክንዷን ሊይዝ ቀረበ። ቀጥሎ ከኋላዋ ሉኤላን፣ በአፏ ሙሉ ሻርፕ፣ እንባዋ በሳቅ ሲወርድ አየ። ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ዞረ። ቬርና ቆማ ጠበቀች። ክፍሏ አሁን ያለው በዚህ ሰው አፍ ውስጥ ነው፤ ሊቆጣም ይችላል፤ ቢቆጣም አትፈርድበትም።

ሚስተር ሄስ ተንበረከከ። የሬሳውን እጅ እንደገና አነሣ፣ ገለበጠ፣ ወይን ጠጁን ጥላ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ቀለሙ አልለቀቀም።

«ይሄን ማን አሳየሽ?» አለ ሳያያት።

«ማንም።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀም። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አሳረፈው፣ ልክ እንደነበረ አድርጎ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከኋላ አየ። «ጆሮው» አለ።

«ምን ሆነ ጆሮው?»

«የሌስተር ቀኝ ጆሮ ከኋላ ጠባሳ አለው። ዘጠኝ ዓመታችን ሆኖ በሽቦ አጥር ስንሾልክ ነው። የአንቺ የለውም።» ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «ይሄን ገና ስገባ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም።»

«ደነገጥኩ በላ!» አለች ሉኤላ ሻርፗን አውጥታ።

ሚስተር ሄስ አፉን ከመክፈቱ በፊት የመኪና ድምፅ ተሰማ። ፖል በፍጥነቱ ይታወቃል። ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ ቃሬዛውን እየገፋ በትልቁ በር ገባ። ከኋላው አሥራ ሁለት እሳት አጥፊዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሰልፍ ተከተሉት። ራንዲ ከፊታቸው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አባዬ፣ የት ነው ያለው?» አለ ፖል።

ቬርና ልትናገር አፏን ስትከፍት የኋላው በር ሲጢጥ አለ። ሌስተር፣ መኪና ውስጥ ተኝቶ ሲበርደውና ሲርበው የቆየው ሌስተር፣ ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ተከናንቦ በራንዲ ትከሻ በኩል ብቅ አለ። ሰልፉን አየ፤ ቃሬዛውን አየ፤ ባርኔጣ ያወለቁትን ራሶች አየ።

«ማነው የሞተው?» አለ፣ ጆሮው ከባድ እንደሆነ ሰው ጮክ ብሎ።

ራንዲ ዞረ።

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በዚያ ጎተራ ብዙ ሰው ጮኋል፤ እንደ እሳት አደጋ አለቃው ግን ማንም አልጮኸም። ጩኸቱ ቀጭን ነበር፣ ረጅም ነበር፣ መሐሉ ላይ አንዴ አየር ስቦ ቀጠለ። ወደ ኋላ ሲሸሽ ስድስተኛው ክፍል ድረስ ሄዶ በማሽኑ ላይ ተቀመጠበት። ማሽኑ ያኔ ተላቀቀ። ተስፈንጥሮ ተነሣ፣ ዓይኑን አበራ፣ እንደ አንበሳ አገሳ። ማንም ዞሮ አላየውም። ሁሉም አንዴ በር ላይ ያለውን ሌስተር፣ አንዴ ወንበር ላይ ያለውን ሌስተር ያያል።

ሌስተር በሰው መሐል አልፎ ሄዶ ራሱ ፊት ቆመ። ከግራ አየው፤ ከቀኝ አየው። «አፍንጫዬ ይሄን ያህላል?» አለ።

«ያንስበታል» አለች ሉኤላ፤ ግን ክንዱን ይዛው ነበር፣ አልለቀቀችውም።

ሳቁ እስኪበርድ ጊዜ ወሰደ። ሚስተር ሄስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠበቀ፤ ሲበርድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃል ሰጥቼ ነበር» አለ። «ደንግጫለሁ። ልጄንም ከነመኪናው ጠርቻለሁ፤ ልካድ ብል ማን ያምነኛል? ክፍሉ የቬርና ነው። ራንዲ፣ አለህ?»

«አለሁ» አለ ራንዲ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ደረቱን ይዞ። «የሳቸው ነው። ምንም አልልም። ውሃ ስጡኝ።»

«እዚህ ጥግ ግን አይቀመጥም» አለ ሚስተር ሄስ ወደ ቬርና ዞሮ። «ነገ ሕዝብ ሲገባ እነዚያን አምስት ጯሂዎች አይቶ ይስቅ፤ ከዚያ ይሄ ዝም ያለው መሐላቸው ይሁን። ምን ይመስልሻል?»

«ጠባሳውን ላብጅለትና» አለች ቬርና።

«ጠባሳውን እኔ አሳይሻለሁ፤ ከየት እስከ የት እንደሆነ አውቀዋለሁ። አሁን እናንሣው። ፖል፣ እግሩን ያዝ።» ሚስተር ሄስ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ከሬሳው ብብት ሥር አስገባ። «ሌስተር፣» አለ፣ «ልናነሣህ ነው።»

«እሺ» አለ ሌስተር ከወዲያ በኩል።

ቬርና የጠረጴዛውን ራስጌ ወንበር ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው።